አፍ አለው፣ ጆሮ የለውም፦ በልጆች የምትሃት ትርኢት ላይ አሻንጉሊትን በተቀዳ ድምፅ ማናገር

አሻንጉሊት ሲናገር ልጆች የሚያዩት አፉን ነው። አሻንጉሊቱን በእጁ ያጠለቀው ምትሃተኛ ግን ሊጨነቅበት የሚገባው ጆሮው ነው። ቀድሞ የተቀዳ ድምፅ አፍ እንጂ ጆሮ የለውም። ልጁ «አዎ» ቢል፣ «አይ» ቢል፣ ቢስቅ ቢያለቅስ፣ ቅጂው የተቀዳውን ብቻ ይላል። ደሴ ላይ ልጆችን በሳቅ ያንከባለለ ቅጂ ኮምቦልቻ ሲደርስ ድንጋይ ሆኖ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው፤ የኮምቦልቻዎቹ ልጆች የመለሱት ሌላ ነበር። ከጽሑፉ አንሥቶ እስከ ስፒከሩ ቦታ ድረስ ያለው ሥራ ሁሉ ይህን አለመስማት ልጆች እንዳይነቁበት ማድረግ ነው።

ታዲያ ለምን በቀጥታ አይናገሩም? ከንፈርን ሳያንቀሳቅሱ መናገር ረጅም ልምምድ የሚጠይቅ ራሱን የቻለ ሙያ ስለሆነ ነው። በአማርኛ ደግሞ በ፣ መ፣ ፈ፣ ፐ፣ ጰ ከንፈር ካልነካቸው አይወጡም፤ «እማማ በቅሎዋን ፈታች» የሚለውን ጥርስ ገጥሞ መሞከር በቂ ማስረጃ ነው። ቅጂ ይህን ችግር በአንድ ጊዜ ያነሣል። በተጨማሪም የአሻንጉሊቱ ድምፅ የሌላ ሰው፣ የአሮጊት ወይም የሕፃን ሊሆን ይችላል፤ ምትሃተኛውም ከአሻንጉሊቱ ጋር በአንድ ጊዜ መናገር ይችላል። ከልጆች ጋር እየተቀባበሉ ወዲያው መቀለድ የሚችሉበት አንደበት ካለዎት ግን ቅጂው ያስርዎታል እንጂ አይጠቅምዎትም።

ጽሑፉ፦ መልሱን አስቀድሞ ማወቅ

አሻንጉሊቱ የሚላቸው ነገሮች ሦስት ዓይነት ናቸው። መልስ የማይጠብቁ፣ መልሳቸው የታወቀ፣ መልሳቸው የማይታወቅ። ጀማሪ ሁሉ የሚወድቀው በሦስተኛው ነው። «ስንት ዓመትህ ነው?» ብሎ አራት ሴኮንድ ዝምታ ይተውና «ጎበዝ! ትልቅ ልጅ ነህ!» የሚል ያስከትላል። ልጁ አፍሮ ዝም ካለ አሻንጉሊቱ ዝምታን እያሞገሰ ነው። ልጁ በመጀመሪያው ሴኮንድ ከመለሰ ደግሞ ሦስት ሴኮንድ ሙሉ አሻንጉሊቱ አፉን ዘግቶ ይፈዛል፤ ሦስት ሴኮንድ በመድረክ ላይ በጣም ረጅም ጊዜ ነው።

መልሳቸው የታወቀ ጥሪዎችን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። «ተረት ተረት» ሲባል ወሎ ውስጥ ልጅ ሁሉ «የመሠረት» ወይም «የላም በረት» ይላል። ሁለት ሴኮንድ ይበቃል፤ የትኛውንም ቢሉ ቀጣዩ ዐረፍተ ነገር ይሄዳል። አሻንጉሊቱ ካስነጠሰ «ይማርህ!» መባሉ አይቀርም፤ «ይማራችሁ እናንተንም» የሚል ቁራጭ (ለብቻው የተቀዳ አጭር ድምፅ) ካዘጋጁ ቅጂው የሰማ ይመስላል። እንቆቅልሽ ከሁሉም ይበልጣል። «እንቆቅልሽ» ሲል «ምን አውቅልህ» ይሉታል። ጥያቄውን ካልመለሱ «አገር ስጡኝ» ይላል። እዚህ ላይ ልጆቹ የትኛውን አገር እንደሚሰጡት ማንም አያውቅም፤ ሐይቅ፣ ወልድያ፣ ባቲ፣ አሜሪካም ሊሆን ይችላል። ምትሃተኛው ከጩኸቱ መካከል አንዱን መርጦ ጮክ ብሎ ይደግማል፦ «ሐይቅን ሰጡህ!»። ከዚያ ቅጂው ይነሣል፦ «እዚያማ ገብቼ ምን አጥቼ!»። «እዚያ» የሚለው ቃል ሐይቅንም አሜሪካንም ይሸከማል። ደንቡ ይህ ነው፦ ስም፣ ቁጥር፣ ቀለም የሚናገረው ምትሃተኛው ነው፤ አሻንጉሊቱ «እሱ»፣ «እዚያ»፣ «ያ» እያለ ይጠቁማል።

ከዚህ ቀጥሎ ጾታ አለ። አማርኛ ወንድና ሴትን በግሥ ላይ ስለሚለይ «ና» ብሎ የተቀዳ አሻንጉሊት ፊት ሴት ልጅ ስትቆም ነገሩ ወዲያው ይጋለጣል። ሁለቱንም ቀድቶ መምረጥ ይቻላል፤ ቁራጩ ግን በእጥፍ ይበዛል፤ በችኮላ መሳሳትም አለ። በብዙ ቁጥር «ልጆች፣ ኑ» ማለት ለሁሉም ይሆናል፤ አንድ ልጅ ብቻውን መድረክ ላይ ሲቆም ግን አይመችም። የተሻለው መፍትሔ በወሎ ገበሬ ቤት የሚሰማው አንቱታ ነው። አሻንጉሊቱ የአምስት ዓመቷን ልጅ «አንቱ! ይምጡ እስቲ! ስምዎ ማን ይባላል?» ሲላት ወንድም ሴትም ሳይለይ ይሠራል፤ በዚያ ላይ አዳራሹ ይስቃል። ምትሃተኛውን ራሱን «ጋሼ» ወይም «እትዬ» ቢለው ችግር የለም፤ እሱ አይቀየርም።

መልሱ ፈጽሞ ለማይታወቅ ቦታ ደግሞ አንድ ቁራጭ ሃያውን ይተካል፦ ሹክሹክታ። አሻንጉሊቱ አፉን ወደ ምትሃተኛው ጆሮ ያስጠጋል፤ ቃሉ የማይለይ «ሽው ሽው ሽው» ይሰማል፤ ምትሃተኛው «ምን? ቢጫውን ሻሽ የመረጠችው እሷ ናት?» ብሎ ይተረጉማል። የ2፣ የ4 እና የ7 ሴኮንድ ሹክሹክታ ይቅዱ። ልጁ ቀዩን፣ ቢጫውን ወይም አረንጓዴውን ሻሽ ሊመርጥ በሚችልበት ጨዋታ «ቀዩ ነው!» «ቢጫው ነው!» የሚሉ ሦስት ቁራጮች አዘጋጅቶ በጨለማ ከመፈለግ ይህ እጅግ ይቀላል።

ቀረጻው

ስልክ በቂ ነው። ከአፍ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ይራቅ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ትንሽ ይዙር፤ በቀጥታ ከተነፈሱበት በ እና ፐ ላይ «ቡፍ» የሚል ንፋስ ይገባል። ከኋላና ከጎን ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይንጠልጠል፤ ባዶ ግድግዳ ድምፅን መልሶ ስለሚልክ ቅጂው ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። አሻንጉሊቱ ሳሎን ውስጥ ሲናገር የሌላ ክፍል ማስተጋባት አብሮት ከመጣ ልጆች ምክንያቱን ባይነግሩዎትም ዓይናቸው ወደ ስፒከሩ ይሄዳል። ሐምሌና ነሐሴ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መቅረጽ አይሞከርም፤ ዝናቡ ባይኖር እንኳ ጠብታው አለ።

ሲናገሩ ቀስ ይበሉ። እጅ ከአንደበት ይዘገያልና በአንድ ሴኮንድ ከአራት ቀለም በላይ ከተባለ የአሻንጉሊቱ አፍ መንቀጥቀጥ እንጂ መናገር አይሆንም። (ቀለም ስንል በግጥም እንደሚቆጠረው፣ አፍ አንዴ ተከፍቶ የሚወጣው የቃል ክፍል ማለታችን ነው፤ አቆጣጠሩን ኋላ ላይ እናየዋለን።) አንዱ ቁራጭ ከ8 እስከ 10 ሴኮንድ አይለፍ። ረጅም ከሆነ ክንድ ይዝላል፣ አሻንጉሊቱም ቀስ በቀስ ወደ መሬት ይወርዳል።

ለማረም ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይበቃል። ድምፁን ለማቅጠን ፍጥነቱን ሳይቀይሩ ከፍታውን ከ3 እስከ 4 ከፊል ድምፅ (ሴሚቶን) ከፍ ያድርጉ። ከዚያ በላይ ሲሄድ የአይጥ ጩኸት ይሆናል፤ ልጆች ይስቃሉ ግን ቃሉን አይሰሙም፣ ቃሉን ካልሰሙ ደግሞ አይመልሱም። ሁሉንም ቁራጮች አንድ ልክ ድምፅ ላይ ያምጡ። የአንዱ ቁራጭ መነሻ ተቆርጦ «ቃ» የሚል ድምፅ ካሰማ መጀመሪያው ላይ ጥቂት ሚሊሴኮንድ ቀስ ብሎ የሚነሣ አድርገው ያስተካክሉት።

ቁልፉ፦ ማን፣ በምን ይጫናል?

ሙሉውን ትርኢት በአንድ ረጅም ቅጂ ማስኬድ ለዘፈን ይሆናል፤ ለንግግር አይሆንም። ልጆቹ ከተቀመጠላቸው ዝምታ በላይ ከሳቁ ቀጣዩ ቃል በሳቅ ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ አባባል የራሱ ፋይል ይሁን፣ አንድ ሲጫኑ አንድ ይውጣ።

ርካሹ ዘዴ የስልክ ኢርፎን ነው። በብዙ ስልኮች የኢርፎኑ ቁልፍ አንዴ ሲጫን ያቆማል ወይም ያስጀምራል፣ ሁለቴ በፍጥነት ሲጫን ወደ ቀጣዩ ያልፋል። የተለመደው ማጫወቻ ግን አንዱ ሲያልቅ ራሱ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ማታለያው ይህ ነው፦ በእያንዳንዱ ቁራጭ መጨረሻ 3 ደቂቃ ዝምታ ይቀጥሉበት። አሻንጉሊቱ ተናግሮ ሲጨርስ ስልኩ ዝምታውን እየተጫወተ ይጠብቃል፤ እርስዎ ሁለቴ ሲጫኑ ቀጣዩ አባባል ይነሣል። ፋይሉን በኤምፒ3 ያስቀምጡ፤ በ128 ኪሎቢት 1 ደቂቃ ወደ 1 ሜጋባይት ስለሆነ 30 ቁራጭ ከነዝምታው ከ100 ሜጋባይት ብዙ አይርቅም። በዋቭ (ሳይታመቅ በሚቀመጠው የድምፅ ፋይል) ቢሆን አንድ ደቂቃ፣ ሞኖ (ባለ አንድ መስመር ድምፅ) እንኳ ሆኖ፣ ወደ 5 ሜጋባይት ይወስዳል። ስማቸውን 010፣ 020፣ 030 እያሉ ይስጡ። 1፣ 2፣ 3 ከተባለ አንዳንዱ ማጫወቻ 10ን ከ2 በፊት ያመጣል፤ በአሥር በአሥር ሲቆጠር ደግሞ ኋላ ላይ 025 ማስገባት ይቻላል።

ቁልፉ የሚቀመጠው በአሻንጉሊቱ ውስጥ፣ በትንሿ ጣት በኩል ተሰፍቶ ነው። ገመዱ በእጅጌ አልፎ ወደ ኪስ ይገባል፣ ከኪስ በማካፈያ ገመድ ወደ ስፒከር። ሲጫኑ የአሻንጉሊቱ ራስ ትንሽ መንቀሳቀሱ ስለማይቀር ያንን ቅጽበት ወደ ልጆቹ ዞር የማለቻው ያድርጉት። ሁለቱ ጭነት ከዘገየ ስልኩ «አቁም» ብሎ ይረዳዋል፤ ድምፅ ካልመጣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለብዎት ይህንን ነው። ቁልፉን ረዘም አድርጎ መጫን ደግሞ በአንዳንድ ስልክ የድምፅ ረዳቱን ይቀሰቅሳል፣ አሻንጉሊቱ በድንገት እንግሊዝኛ ይናገራል፤ ከስልኩ ሴቲንግ ያጥፉት። ስልኩን ወደ አውሮፕላን ሁነታ ያድርጉ፤ ካልሆነ የአክስትዎ ጥሪ በአሻንጉሊቱ አፍ ይጮሃል።

ገበያ ላይ የሚሸጠው የፎቶ ማንሻ ትንሽ ሪሞት ለዚህ አይሆንም። ለስልኩ የሚልከው «ድምፅ ጨምር» የሚል ትእዛዝ ስለሆነ በተጫነ ቁጥር ድምፁ ያድጋል እንጂ ቁራጩ አይቀየርም። ማጫወቻና ማለፊያ ቁልፍ ያለው ሪሞት ወይም የእግር መርገጫ ይፈልጉ። ረዳት ካለ ደግሞ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። ስልኩ ላይ ቁራጮቹን እንደ ሰሌዳ በሚደረድር አፕ ፊት ተቀምጦ ልጆቹን እየሰማ ይጫናል፤ በዚያን ጊዜ ቅጂው ጆሮ አገኘ ማለት ነው።

ከሳውንድ ኪራይ ቤት የሚመጡት ትልልቅ ስፒከሮች ፍላሽ መሰኪያ አላቸው፣ ሰውን የሚያታልሉትም በዚያ ነው። ብዙዎቹ ፋይሉን በስሙ ተራ ሳይሆን ወደ ፍላሹ በተገለበጠበት ተራ ያጫውታሉ። በፍላሽ ለመጠቀም ከወሰኑ አንድ በአንድ፣ በቅደም ተከተሉ ይገልብጡ። ሲበሩም «ብሉቱዝ ሞድ» ብለው የሚጮኹ አሉ፤ ልጆች ከመግባታቸው በፊት ያብሯቸው።

ብሉቱዝ ራሱ ሁለት ጉዳት አለው። ተራው ብሉቱዝ ድምፅን ከ0.15 እስከ 0.25 ሴኮንድ ያዘገያል። ሌላው፣ ዝምታ ሲረዝምበት ስፒከሩ ያንቀላፋና ሲነቃ የመጀመሪያውን ቀለም ይውጣል፤ «ሰላም ልጆች» የነበረው «ላም ልጆች» ይሆናል። ከላይ የተባለው የ3 ደቂቃ ዝምታ ለዚህ ዓይነቱ ስፒከር ክፉ ነው። የ3.5 ሚሊሜትር ጃክ ገመድ ሁለቱንም ያስቀራል።

አፉ፦ በፊደል ገበታ ማሠልጠን

ጀማሪ አሻንጉሊትን ሲያናግር ጣቶቹን ወደ ላይ ያነሣል። የላይኛው መንጋጋ ሲነሣ ራሱ ወደ ጣሪያ ያያል፣ ልጆቹን የሚያይ ዓይን አይኖረውም። ሰው ሲናገር የሚወርደው የታችኛው መንጋጋ ነው፤ በአሻንጉሊትም አራቱ ጣቶች ጸንተው አውራ ጣት ብቻ ይውረድ። የእጅዎ አንጓ ትንሽ ወደ ፊት ይዘንበል፣ ዓይኖቹ የፊተኛው ረድፍ ግንባር ላይ ይረፉ።

አፉ ስንት ጊዜ ይከፈታል? እዚህ ላይ የኛ ፊደል ትልቅ ረዳት ነው። በእያንዳንዱ ፊደል ላይ አንዴ ይከፈታል፣ ሳድስ ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ አናባቢ የሌለው ሳድስ አያስከፍትም። «አቦል፣ ቶና፣ በረካ» ስምንት ፊደል ነው፤ ል ብቻ ስለማይከፍት ሰባት ጊዜ ይከፈታል። «እንቆቅልሽ» ስድስት ፊደል ሆኖ የሚከፈተው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፦ እን፣ ቆቅ፣ ልሽ። «ሰላም ልጆች» ከስድስቱ አራት፦ ሰ፣ ላም፣ ልጅ፣ ጆች፤ ጆ ጠብቆ ስለሚነበብ ግማሹ ከፊቱ ያለውን ይዘጋል። ጽሑፉን አትሞ ከሚከፍቱት ፊደሎች ሥር ነጥብ ማድረግ የአንድ ምሽት ሥራ ነው፤ ልምምዱን በግማሽ ይቀንሳል።

የአከፋፈቱ ስፋት ሦስት ልክ ይበቃዋል። ራብዕ (ላ፣ ማ፣ ባ) እስከ መጨረሻው፣ ግዕዝ፣ ኃምስና ሳብዕ እስከ ግማሽ፣ ካዕብ፣ ሣልስና የሚነበበው ሳድስ ጠበብ ብሎ። ከዚህ በላይ ማጥራት ከ5 ሜትር የማይታይ ድካም ነው። መ፣ በ፣ ፐ እና ጰ ላይ ግን ከመከፈቱ በፊት አፉ ፈጽሞ ይዘጋ። ከንፈር ሳያንቀሳቅስ ለሚናገር ሰው ጠላት የነበሩት ፊደሎች በቅጂ ለሚሠራ ወዳጅ ናቸው፤ አፉ ጥርቅም ብሎ ሲከፈት ዓይንን የሚያሳምነው እነሱ ላይ ነው። «እምቢ!» የምትለዋ ቃል ለዚህ አቻ የላትም። ም ላይ ይዘጋል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ቢ ላይ ይፈነዳል። የአሻንጉሊቱንም ስም ከነዚሁ ፊደሎች ይምረጡ፤ ቡቡ ከሃሌ ይሻላል። በቃሉ መጨረሻ አፉ ይዘጋ። ተከፍቶ የቀረ አፍ ሞኝ ያስመስለዋል፣ ካልፈለጉት በቀር።

አሁን ወደ ጊዜው። ሰው ድምፅ ሰምቶ እጁን ለማንቀሳቀስ ከ0.15 እስከ 0.2 ሴኮንድ ይወስድበታል። ቅጂውን እየሰሙ የሚከተሉ ከሆነ አፉ ሁልጊዜ ከድምፁ ኋላ ነው። ይህ ደግሞ ክፉው አቅጣጫ ነው። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለቴሌቪዥን ባወጣው ምክረ ሐሳብ መሠረት ድምፅ ከምስል ሲቀድም ተመልካች በ45 ሚሊሴኮንድ ይነቃበታል፤ ሲዘገይ ግን እስከ 125 ሚሊሴኮንድ ድረስ አያስተውልም። በመብረቅና በነጎድጓድ እንደለመድነው፣ አይቶ መስማት ለሰው ተፈጥሮ ነው፤ ሰምቶ ማየት ግን ግራ ያጋባል። ስለዚህ ቅጂውን መከተል ሳይሆን በቃል ይዞ እኩል መናገር ያስፈልጋል፣ ጥርጥር ካለም ቀደም ማለት ይሻላል። ከንፈርዎን ዘግተው በሐሳብዎ አብረው ይበሉት፤ እጁ ራሱ ይመጣል። ድምፅ በሴኮንድ ወደ 343 ሜትር ስለሚጓዝ 10 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ልጅ በ29 ሚሊሴኮንድ ዘግይቶ ይሰማል፤ ይህ በደህናው አቅጣጫ ስለሆነ የኋላ ረድፍ ስሕተትዎን ይቅር ይላል፣ የፊት ረድፍ ግን አይምርም።

ቁራጩ መቼ እንደሚነሣ በትክክል ለማወቅ ከፈለጉ የስቴሪዮውን (ባለ ሁለት መስመሩን ድምፅ) ቀኝና ግራ ጎን ይለዩ። በቀኙ የአሻንጉሊቱ ድምፅ ብቻ ይሁን፣ ወደ ስፒከር ይሂድ፤ በግራው ከድምፁ አስቀድሞ «አንድ፣ ሁለት» የሚል ቆጠራ ይግባ፣ ወደ ጆሮዎ ኢርፎን ይምጣ። ስቴሪዮውን ወደ ሁለት ሞኖ የሚከፍል ገመድ ያስፈልጋል። ግን የእርስዎ ጆሮ በገመድ፣ ስፒከሩ በብሉቱዝ እንዳይሆን፤ ያን ጊዜ አፉ እስከ ሩብ ሴኮንድ ይቀድማል፣ ይህን ያህል ደግሞ ማንም አይታገሥም።

ስፒከሩ የት ይቀመጥ? ከአሻንጉሊቱ ሥር ወይም ኋላ፣ ከአንድ ሜትር ሳይርቅ፣ ጠረጴዛ ላይ ከጨርቅ ጀርባ። ዓይን የሚንቀሳቀስ አፍ ሲያይ ጆሮ ድምፁን ወደዚያ ይስበዋል፤ ስፒከሩ በአዳራሹ ማዶ ከሆነ ግን ይህ ስበት ይበጠሳል። ድምፁ ከእርስዎ የተፈጥሮ ድምፅ ጋር እኩል ይሁን። አሻንጉሊቱ እየጮኸ ጋሼ ሹክ ካሉ ልጆች ማን ሕያው እንደሆነ ይገባቸዋል። ማይክ ከያዙ ሁለታችሁም በአንድ ስፒከር ውጡ። ለአንድ ክፍል ልጆች ከ20 እስከ 30 ዋት ይበቃል፤ ለትምህርት ቤት ሜዳ ግን ትልቁን መከራየት ግድ ነው።

ምትሃቱ፦ ቅጂው ሰዓት ነው

ብዙ ሰው ቅጂን ለድምፁ ብቻ ይጠቀምበታል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ርዝመቱ አለመለዋወጡ ነው። የ7 ሴኮንድ ቁራጭ ሁልጊዜ 7 ሴኮንድ ነው፤ ሌላኛው እጅዎ ምን ጊዜ ወደ ኪስ እንደሚገባ በልምምድ መትከል ይችላሉ። አሻንጉሊቱ «ያዙኝ! ላስነጥስ ነው! እ... እ... ሃጢሽ!» ሲል ጀማሪው «እ... እ...» ላይ እጁን ይሰዳል። ስሕተት ነው፤ ያን ጊዜ ልጆቹ በጉጉት ሁሉንም ነገር እያዩ ነው። የሚያመቸው ማስነጠሱ አልፎ ሳቁና «ይማርህ» ሲፈነዳ፣ ሰውነታቸው ሲላላ ነው። ሁለት ሴኮንድ ገደማ አለዎት፤ በዚህ ውስጥ እጅ ሳይቸኩል ይመለሳል።

አንዱ እጅ በአሻንጉሊቱ እንደታሰረ አይርሱ። የከረጢት፣ የሻሽና የስፖንጅ ኳስ ጨዋታዎች በአንድ እጅ ይሆናሉ። ገመድ ማሰርና ካርታ መበወዝ አይሆኑም፤ ሊሠሯቸው ካሰቡ አሻንጉሊቱ «ደከመኝ» ብሎ ቅርጫቱ ውስጥ ይተኛ፣ የማንኮራፋት ቁራጭ ከውስጥ ይሰማ። በ35 ደቂቃ ትርኢት ውስጥ አሻንጉሊቱ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ቢናገር በቂ ነው። የምትሃቱን ቃል በተመለከተ፣ ከውጭ የመጣውን አብራካዳብራ ትተው ልጆቹን «አቦል! ቶና! በረካ!» ቢያስብሉ ሦስት ቆጠራ አለው፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ በረካውም ላይ ሻሹ ይወጣል።

ቦታውን ማወቅ

በወሎ ለልጆች አሻንጉሊት ለመሥራት ከውጭ እንስሳ መበደር አያስፈልግም። በቦረና ሳይንትና በአቡነ ዮሴፍ ተራሮች ያለው ጭላዳ ዝንጀሮ ደረቱ ቀይ፣ ከንፈሩን ወደ ላይ የሚገለብጥ ነው፤ ከካልሲ፣ ከስፖንጅና ከጫማ ካርቶን ይወጣል። አፉን ከታጠፈ ካርቶን ይሥሩ፣ እጥፋቱ በአውራ ጣትና በመዳፍ መካከል ይዋል፤ ካርቶኑ ከሳሳ አፉ ይጨማደድና የመዘጋቱ ጥርቅምታ አይታይም። አያ ጅቦ በተረት ቢወደድም ለትናንሾቹ ያስፈራል። ሦስትና አራት ዓመት የሆናቸው ልጆች የሚናገር አሻንጉሊት በድንገት ሲወጣባቸው ያለቅሳሉ፤ መጀመሪያ ተኝቶ፣ እያንኮራፋ ይታይ፣ ልጆቹ ራሳቸው ይቀስቅሱት፣ ሁለት ሜትርም ይራቅ።

ከሚሴና ባቲ አካባቢ ብዙ ልጆች ቤታቸው የሚናገሩት አፋን ኦሮሞ ነው። የአማርኛው ቅጂ ርዝመት ከእጅ ሥራው ጋር የተሰፋ ስለሆነ ትርጉሙን ሲያስቀዱ የቃሉ ብዛት ሳይሆን የሴኮንዱ ልክ እኩል ይሁን፤ ካልሆነ የተለማመዱት እጅ ሁሉ ይፈርሳል። ቀጂው አፍ መፍቻው የሆነ ሰው ይሁን።

አዛን ሲሰማ አሻንጉሊቱ ይተኛል። ይህን በጽሑፉ ውስጥ አስቀድሞ ማስገባት፣ «እሽ... አሁን ዝም» የሚል አንድ ቁራጭ መያዝ፣ በመሐል ከመደናገር ያድናል። ለማጀቢያ መንዙማም ዝማሬም አይነካ፤ የሁለቱም ቦታ ሌላ ነው። ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታ ስም የያዙ ቅኝቶች ናቸው፤ አንድ ክራር ደርዳሪ የ20 ሴኮንድ ዜማ ቢቀዳልዎት የራስዎ ይሆናል። የሰው ዘፈን ወይም የታወቀ ኮሜዲያን ድምፅ ቆርጦ መጠቀም በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፈቃድ የሚያስፈልገው ነው። «አስማት» እና «ድግምት» የሚሉትን ቃላት አሻንጉሊቱ ባይላቸው ይሻላል፣ ወላጅ ይከፋዋል፤ «የጋሼ እጅ ፈጣን ነው!» ይበል፣ እውነትም ነው።

መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ ስፒከር ካልያዙ ቅጂው የለም። በባቲ ፀሐይ ላይ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ የተተወ ስልክ ግሎ ራሱን ያጠፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጨዋታ ያለ ድምፅም ማለቅ የሚችል ሆኖ ይጻፍ፦ አሻንጉሊቱ አፉን ይከፍታል፣ ምንም አይወጣም፣ ጉሮሮውን ይይዛል። «ጉንፋን!» ይላሉ ጋሼ፤ የጦሳ ተራራን ብርድ ለሚያውቁ የደሴ ልጆች ማብራሪያ አያሻም። ከዚያ ወዲያ ሁሉም በሹክሹክታ ያልቃል፣ ድምፅ የሌለው ሹክሹክታ ደግሞ መብራት አይፈልግም።

ከትርኢቱ በፊት ሲሞክሩ የመጀመሪያውን ቁራጭ ብቻ ሳይሆን የመጨረሻውንም ያስነሡ፣ ከኋላው ረድፍ ቆመው ይስሙት። ሲጨርሱ ስልኩን ወደ 010 ይመልሱ፤ ተረስቶ ከቀረ አሻንጉሊቱ ገና ከቅርጫት ሳይወጣ «ደህና ሁኑ ልጆች» ይላል።